ፒያኖው የሚገባበት ቦታ

ልጄ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መዝሙር ደረሰች። እንደ ድሮው ሁላችንም ባንድ ዜማ የምንለው እንዳይመስላችሁ! ሴቱ በቀጭኑ ሶፕራኖና በወፈር ያለው አልቶ፣ ወንዱ በቀጭኑ ቴነርና በወፍራሙ ባስ፣ በአራት ድምፅ ተከፍሎ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚዘምረው ነው። ፒያኖው የሚገባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ አንዴ። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ያለ መሣሪያ ሲዘመር ድምፅ ሳይታወቅ ይወርዳል፤ ወርደን ከሆነ ፒያኖው ሲመታ ጉዳችን ይወጣል።

በልምምዱ ሁሉ ወረድን። ፒያኖ መቺው ደግሞ ማን መሰላችሁ? የገዛ አባቷ፣ ባሌ! እሱ በመታ ቁጥር የኛ ድምፅ ወዲያ፣ የሱ ፒያኖ ወዲህ። ሶፕራኖዎቹ ባሶቹን ያያሉ፣ ባሶቹ ጣሪያ ያያሉ። እኛ አልቶዎች እንኳ ምንም አላጠፋንም።

የመዘምራኑ ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ግን አዲስ ነገር አይዋጥላቸውም። «አንድ እሁድ ሞክሪው» አሏት። «ከፒያኖው ጋር ከተጣላችሁ ግን በዚሁ ይብቃ። ወደ አንድ ዜማችን እንመለሳለን።» ስንት የለፋችበት ነገር ባንድ ምት ሊያልቅ! ልመልስላቸው አፌን ስከፍት «እማዬ፣ ተይ» አለችኝ። ተውኩ፤ ግን እንዴት እንደ ተቃጠልኩ!

በመጨረሻው ልምምድ በየድምፃችን ተሰልፎ መቆም ቀረ። ባሱን ከአልቶ፣ ቴነሩን ከሶፕራኖ ቀላቅላ አቆመችንና «ጎረቤታችሁን ስሙ» አለች። ለኔ የደረሰኝ ከባሶቹ አንዱ፣ መካኒኩ ነው፤ ሲዘምር ጎድኔ ድረስ ይነዝረኛል። ብዙ አጉረመረምኩ። እውነቱን ልናገር ካላችሁ ግን፣ ያን ያህል ዘመን አብሬው ዘምሬ ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ባሌ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለ ነበር ከፒያኖው ጋር ሳንሞክረው እሁድ ደረሰ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘመርን፤ ወይ አዘማመር! አራቱም ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚሰማበት የመጨረሻው ኮርድ ላይ ደረስን። እሱን የምንይዘው በተራ እየተነፈስን ነው፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይሸፍንለታል፣ ድምፁ አይቋረጥም። ልጄ እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች፤ ግባ ማለቷ ነው።

ፒያኖው አልገባም።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል። ገባኝ። ልጄን በገዛ ጣቴ አላዋርድም ብሎ ነው። አይ አባት! ፒያኖው ካልተመታ እኮ ወረዱ አልወረዱ ማን ያውቃል? ሰብሳቢው በምን ያምናሉ? ልጄ እጇን አላጠፈችም፤ እኛም ኮርዱን አልለቀቅንም። የመተንፈሻ ተራዬ ሲደርስ ሌሎቹ አልቶዎች ሸፈኑልኝ። እኔ ግን ተራዬን ለሌላ ነገር አዋልኩት።

«ምታው እንጂ፣ አንተ ሰው!»

ደንግጦ መታ። ባስሩም ጣቱ።

ገጠመ! የፀጉር ያህል አልተዛነፈም። ፒያኖውና እኛ አንድ ሆንን፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ምእመኑ እያጨበጨበ ብድግ አለ። መካኒኩ አጠገቤ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ባሌ ፒያኖው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። እኔም እንባዬን በነጠላዬ እጠርጋለሁ።

ልጄ ብቻ አላለቀሰችም። ላቧን ጠርጋ ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ አለኝ፤ ከዚህኛው ይረዝማል» አለቻቸው።

«ይርዘም» አሉ፣ እሳቸውም እንደ ቆሙ።