አቤት ያለው ማን ነው

የወይራው ወቅት ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ዘይት መጭመቂያ ይሸታል። ዱጃ የቤተ ሙከራውን በር ከፍታ ገባችና እንደ ልማዷ ከሁሉ አስቀድማ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ መለኪያ አበራችው። በዘይት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ጥራቱን በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ነው። ግንባሩ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ መሣሪያው በኔትወርኩ የሚጠራበት አሥራ ሰባት ቁጥር ተጽፏል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የእጅ ጽሑፉ የሞንጂ ነው።

ሞንጂ ባሏ ነበር። የዚህን ቤት መሣሪያዎች ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኝ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሯል። ከሞተ ሁለተኛው ወቅት ነው፤ በእጁ ከተከላቸው ሁሉ የቀረውም ይኸው አንዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የኔትወርኩ ሳጥን በአዲስ ተተካ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ጠዋት ይሠራና ረፋዱ ላይ ዝም ይላል። ኃላፊው ላስዓድ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ሲ ላስዓድ፣ ትናንት ቁርጡን ነግሯታል፤ በእጅ የተጻፈ ውጤት ከእንግዲህ አይላክም። መለኪያው እስከ ዛሬ ቀትር ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተነጋገረ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው መኪና ይዞት ይሄዳል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ መለኪያው ዝም ካለ በኋላ የኔትወርክ ባለሙያው ሳበር እያለከለከ መጣ። ሥራውን የተማረው ከሞንጂ ነው።

«አክስቴ ዱጃ፣ ይሄ ሽማግሌ እስካሁን በሕይወት አለ?»

«አንተ ያን ሆድ ተሸክመህ ደረጃውን ከወጣህ፣ እሱ ምን ይሆናል!»

ሳበር እየሳቀ ኮምፒውተሩን ከፈተና አሥራ ሰባት ቁጥርን ጠራ። አራት ጊዜ ጠራ፤ አራቱንም ጊዜ መልስ መጣ።

«ይኸው፣ አቤት ይላል። መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። አቤት እያለ ሥራ እምቢ ካለ በሽታው የውስጥ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕድሜ ነው አክስቴ። ምን ይደረጋል።»

ዱጃ ቢጫውን ፕላስተር በጣቷ ዳሰሰች። ገበሬዎች ለምርመራ የሚያመጡት የዘይት ጠርሙስ ኮሪደሩን ሞልቶ የሚተርፍበት ጊዜ ትዝ አላት። ሞንጂ ገመድ ሊያገናኝ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ሃሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቦ ወደ ታች ስታቀብለው እጁ ብቻ ወጥቶ ይቀበላታል። ከዚያ ከሥር፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ፣ «ዱጃ፣ አቤት ያለሽ ሁሉ የጠራሽው እንዳይመስልሽ» ይላታል። ስለ ሰው የሚያወራ መስሏት ስቃበት ነበር። እሱ የሚያወራው ስለ ገመድ ነበር።

«ገመዱን ንቀለው» አለችው።

«የቱን?»

«የመለኪያውን። ንቀልና ደግመህ ጥራው።»

ነቀለው። ከመሣሪያው ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፋች። ጠራ። አቤት። ደግሞ ጠራ። አቤት።

ዱጃ ወደ ጠፋችው መብራት አየች። ለአፍታ ሞንጂ ራሱ አቤት ያለ መሰላት፤ ሐሳቡን መልሳ አስቀመጠችው።

«ተነቅሎ ይመልሳል እንዴ?» አለ ሳበር።

«እሱ አይደለም። አሥራ ሰባት ቁጥር ወንበሩ ላይ ሌላ መሣሪያ ተቀምጦበታል። አዲሱ ሳጥን ቁጥር ማደል ከየት ይጀምራል?»

«ከሁለት…» አለና ጭንቅላቱን ያዘ። «ወይ ጉዴ! ሞንጂ ከሃያ በታች ያለው ቁጥር የመለኪያ መሣሪያዎቹ ነው ይለን ነበር። የሠርግ ቤት የፊት ወንበር ነው፤ ለሽማግሌ ይተዋል እንጂ ቀድሞ የደረሰ አይቀመጥበትም ይል ነበር። አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ቢያይ በገመድ ይገርፈኝ ነበር።»

«ይገርፍህ ነበር» አለች ዱጃ። «አሁን ረፋዱ ላይ የሚነቃውን ፈልግ።»

ሳበር ኮምፒውተሩን ክንዱ ላይ አስቀምጦ እየጠራ፣ ዱጃ ገመድ እየነቀለች ከክፍል ክፍል ሄዱ። ዱጃ ወደ ጸሐፊዋ ወደ ሐያት ክፍል ገብታ የማተሚያውን ገመድ ስትነቅል አቤት የሚለው መልስ ቀረ።

«ኧረ ማተሚያዬን! የሲ ላስዓድን ደብዳቤ እያወጣሁ ነው!» ብላ ሐያት ጮኸች።

«የምን ደብዳቤ?»

ሐያት አፈረች። «አሮጌው መለኪያ… እንዲወገድ የሚል።»

ደብዳቤው ማተሚያው አፍ ላይ እስከ ግማሹ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሳበር በሳቅ ብዛት ግድግዳውን ተደገፈ።

ሳበር ሳጥኑን ከመቶ በላይ ያለውን ቁጥር ብቻ እንዲያድል አዘዘው። ማተሚያው ጠፍቶ ሲበራ መቶ አራት ደረሰው። የመለኪያውን ገመድ መልሰው ሰኩ። ዱጃ የመጀመሪያውን ናሙና አስገባች፤ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ ወጡ።

ቀትር ላይ ሲ ላስዓድ መጥቶ ቆሞ አየ። «መኪናውን ባዶውን አትስደዱት፤ ያን የተሰበረ ወንበር ይውሰድ» ብሎ ወጣ።

ሳበር ቢጫ ፕላስተር ቆርጦ መቶ አራት ብሎ ለማተሚያው ጻፈ። ከዚያ ወደ መለኪያው ዞረ።

«ይሄንንስ ላድሰው አክስቴ? ቀለሙ ሄዷል እኮ፤ ማን ያነበዋል?»

ዱጃ የሚቀጥለውን ጠርሙስ አንስታ ክዳኑን ፈታች።

«ተወው» አለች። «ይነበባል።»