የኑሪያ ደም ስንት ነበር

፩

...ደግሞ አንድ ጠብታ ውሃ። አማስል። ከጎኑ ካለው ቡናማ መስታወት ጋር አስተያይ። አልተመሳሰለም? ደግሞ አንድ ጠብታ። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ሲሆኑ አቁምና ፈሳሹ የደረሰበትን ቁጥር አንብብ። ያ ቁጥር የጓደኛህ ሄሞግሎቢን ነው። ደሟ ይነስ ይብቃ የምታውቀው በእሱ ነው።

የፊዚዮሎጂ ላብ መመሪያችን እንዲህ ይላል። በጣም ቀላል ነው፤ አንተም አሁን አንብበኸዋልና ትችላለህ።

እኔ አልቻልኩም።

፪

ሳንተዋወቅ ገባሁበት፣ ይቅርታ። ስሜ ወንድይፍራው ነው። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ክፍሉ ሁሉ ስቆ ጨርሷል። እስካሁን የፈራኝ ወንድ የለም። እኔ ግን ስሜ ሲጠራ እፈራለሁ፣ ውጤት ሲለጠፍ እፈራለሁ፣ የላብ አስተማሪያችን ዶክተር እልፍነሽ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩኝማ ስሜንም እረሳለሁ።

የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲፓርትመንት እንመደባለን። የምፈልገው ሜዲካል ላቦራቶሪ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። የኛ ወረዳ ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ የሚያይበት ባለሙያ ግን አልነበረውም። ታላቅ እህቴ ሽታዬ በግምት የወባ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች። ኋላ ከተማ ሄዳ ስትመረመር ወባ የሚባል ነገር የለባትም። እስከዚያ ግን ኩላሊቷ ተጎድቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን «የኛ ላቦራቶሪ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

፫

ላብ ውስጥ የምንሠራው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። የኔ ጓደኛ ኑሪያ ናት፣ የኮምቦልቻ ልጅ። እሷ የኔን ጣት ትወጋለች፣ እኔ የእሷን። የዚያን ቀን የተባባልነው ይኸው፣ ቃል በቃል፦

ኑሪያ፦ (ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ) ስንት ሆነ?

እኔ፦ ቆይ፣ ገና አልተመሳሰለም።

ኑሪያ፦ ቶሎ በል እንጂ፣ አዞረኝ።

እኔ፦ አሥራ አምስት! የበሬ ደም ነው እንዴ ያለሽ?

ኑሪያ፦ ታዲያ ምን ሆኜ ነው የሚያዞረኝ?

እኔ፦ ጾሙ ነዋ።

ኑሪያ፦ ክሊኒክ ልሄድ አስቤ ነበር።

እኔ፦ ተይው ባክሽ።*

___
* ይህን መስመር ለመሰረዝ ሞክሬያለሁ። ከተሰረዘ ግን ቀጥሎ ያለው ቁራጭ አይገባህም።

፬

ኑሪያ ከላይብረሪው ደረጃ ላይ ወደቀች። ተሸክመን ክሊኒክ አደረስናት። ደሟን ቀዱና በማሽን አዩት።

ሰባት።

ጤና መኮንኑ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። «ደምሽን ተለክተሽ አታውቂም?» አላት።

«ተለክቼ ነበር፣ ደህና ነው ተባልኩ።»

«ማነው ደህና ነው ያለሽ?»

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አየችኝ።

«ረሳሁት» አለችው።

፭

ፍርሃት (ለፈተና የሚመጣ)፦

ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። አፍ ይደርቃል። ጨጓራ ሥራውን ያቆማል። መዳፍ ያልበዋል። የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ አደጋውን አጥርቶ ለማየት።

ይህን ምዕራፍ ሳላጠና ነው የማውቀው።

፮

ከክሊኒኩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። የብረት ክኒኗን በእጇ ይዛለች።

«ወንዴ፣ ሂጃቤ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቡኒ።»

«አረንጓዴ ነው።»

ቀጥላ ቀለሙን ልትጠይቀኝ ቦርሳዋን አነሳች፤ «እሱን ተይው» አልኳት። ልጅ ሆኜ ቀዩን በርበሬ ልቀም ስባል አረንጓዴውንም ቀላቅዬ እያመጣሁ እገረፍ ነበር። ቸልተኛ ነው ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። የመስታወቱን ቀለም ከደሟ ሳስተያይ ግን ያ ነገር ትዝ ብሎኛል። ትዝ ብሎኝም አሥራ አምስት ብያለሁ።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ሐሙስ የዓይን ላብ አለን እኮ» አለች።

አውቃለሁ።

፯

የሐሙሱን መጽሐፍ ላሳይህ። ዓይንህ ደህና ከሆነ ይህ ቁራጭ ለአንተ ጨዋታ ነው።

በየገጹ ባለቀለም ነጠብጣቦች አሉ። ከነጠብጣቦቹ መሀል ቁጥር ፈልግ። አገኘህ? አልፈሃል። የመጀመሪያውን ገጽ ቁጥር እንደኔ ያለውም ያየዋል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ገጾች ለኔ ነጠብጣብ ብቻ ናቸው። ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፦ ደህና ዓይን ምንም የማያገኝበት፣ እንደኔ ያለ ዓይን ብቻ ቁጥር የሚያይበት ገጽ። ይህን ላይብረሪ ውስጥ ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

ሲኒየሮች እንደነገሩን ቀለም የማይለይ ተማሪ ላቦራቶሪ አይመደብም። ካቻምና አንዱን ወደ ሌላ ትምህርት ወስደውታል። ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ደህና ነው መሰለኝ» አሉኝ።

፰

የኑሪያ ዕቅድ፦

«አጠገብህ እቆማለሁ። ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እጽፍልሃለሁ። ገጹ ላይ ምንም ከሌለ እጄን እጨብጣለሁ።»

«ልገድልሽ ነበር እኮ፣ ኑሪያ።»

«አልሞትኩም አይደል? ለእህትህ ብለህ አይደል እዚህ የመጣኸው? ዝም ብለህ እጄን እያየህ መልስ።»

እሺ አልኳት። ማታውኑ ሌላ ፍርሃት ጀመረኝ። ካለፍኩስ? ተመርቄ የሆነ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ እንበል። የሆነች ሴት ጣቷን ሰጥታኝ ቁጭ ብላለች። ኑሪያ አጠገቤ የለችም። ሴትየዋ እንደ ሽታዬ የሚነግሯትን ሁሉ የምታምን ናት። ስንት ሆነ ትለኛለች፣ እኔም የሆነ ቁጥር እላታለሁ።

፱

እዚህ ጋ ሌላ ነገር ጽፌ ነበር። በአንዱ ረቂቅ ሐሙስ መብራት ይጠፋና ላቡ ይሰረዛል። በሌላው እኔ በጠዋት ተነስቼ ዶክተር እልፍነሽ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም እናዘዛለሁ፤ እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

መብራቱ አልጠፋም። ቢሯቸው በር ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

፲

ሐሙስ።

የመጀመሪያው ገጽ። «አሥራ ሁለት» አልኩ። እሱ በራሴ ነው።

ሁለተኛው። ነጠብጣብ። የኑሪያ ጣት ጠረጴዛው ላይ ዞረ። «ስምንት።»

ሦስተኛው። ነጠብጣብ። «ስድስት።»

ሌላ ገጽ። ሌላ። ሌላ። አፌ ደርቆ ቁጥሮቹ እየተጣበቁ ነው የሚወጡት። ዶክተር እልፍነሽ ቀና ሳይሉ ምልክት ያደርጋሉ።

«ጎበዝ። ላቦራቶሪ ነው አይደል የምትፈልገው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጥሩ ዓይን ይፈልጋል፣ መልካም ነው። አንድ የመጨረሻ ገጽ እንይና ጓደኛህ ትቀጥላለች።»

ገለጡ።

፲፩

አርባ አምስት።

ቁልጭ ብሎ። አራቱም አምስቱም። ከመጀመሪያው ገጽ ወዲህ በራሴ ዓይን ያየሁት ቁጥር ይህ ብቻ ነው፤ ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የኑሪያን እጅ አየሁ።

ተጨብጧል።

ገጹን ደጋግማ አየችው፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ ጭብጧን ጠበቅ አደረገችው። ክኒኑን ከጀመረች ገና ጥቂት ቀኗ ነው፤ ጥፍሮቿ አሁንም ነጭ ናቸው። ያ ለኔም ይታየኛል። ምንም የለም ካልኩ አልፋለሁ። ያየሁትን ከተናገርኩ ላቦራቶሪ ቀረ፣ ዕቅዷም ታወቀ፣ እሷም አብራኝ ትጠየቃለች።

ዶክተር እልፍነሽ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድይፍራው፣ ምን ይታይሃል?»

ኑሪያ በጣም ቀስ ብላ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «በናትህ» አለች።

አፌን ከፈትኩ።

«                                        »