ልጄን ጋሼ ያልኩበት ሳምንት

ደግሞ ዝናቡ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢያባራ ምን አለበት፣ ይሄንን የኮምፒውተር ጨዋታ የሠራው ሰው ፀሐይ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ከሰኞ እስከ ዛሬ ሐሙስ ዝናብ፣ የተቃጠለ መንደር፣ የሞተ ፈረስ፣ ጭቃ ላይ የተሰካ ጦር፣ ጦሩን አንሺ ይላል ጽሑፉ፣ አነሣሁ፣ አንድ ከርከሮ መጣና ገደለኝ። ስሮጥ ገደለኝ። ስቆምም ገደለኝ። የሞተ ሁሉ የሚነሣበት መቅደስ ጋ ስነሣ ልብሴ እንኳ አልቆሸሸም፣ እዚህ አገር መሞት እንደ ማስነጠስ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

የስልሳ ሁለት ዓመት ሴትዮ፣ ጉልበቴ ያበጠ፣ ማሳን በምትባለው የወደብ ከተማችን ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሩዝ ማባያ የሸጥኩ፣ ኪምቺ የምንለውን በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን፣ የደረቀ ዓሣ ጥብስ፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ አሁን ከወደቡ መንገድ ጀርባ ያለ የኮምፒውተር ቤት ጥግ ጦር ይዤ ተቀምጫለሁ። ስም ምረጪ ሲለኝ ሽንኩርት አልኩ፣ ተይዟል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ተይዟል፣ ማነው ይሄን ሁሉ አትክልት የያዘው፣ ፍጅል ስለው ዝም አለ። ፍጅል ነኝ እንግዲህ። ወገቤ ቀጭን፣ ፊቴ ያልተሸበሸበ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ቢያየኝ አያውቀኝም።

ያውና። የጨዋታው ገበያ መሐል፣ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ከራሱ በላይ ደረቅ ወንዝ የሚል ስም ተንጠልጥሎበታል። ጊቴ ነው። ልጄ። የጨዋታ ስሙን ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው፣ ገላውን ሊታጠብ ወጥቶ በሩን መቆለፍ ረስቶ፣ ልጥረግለት ብዬ ስገባ ስክሪኑ ላይ ይሄው ጨዋታ፣ ይሄው ስም በነጭ ፊደል፣ እንደ ሌባ አነበብኩ፣ እንደ ሌባ ወጣሁ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔና እሱን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ክፍሉን ከዘጋ አራት ዓመት፣ አንድ ቃል ካወራኝ ዓመት ከመንፈቅ። ልጄ ምሳ። ዝም። ልጄ በረደ እኮ። ዝም። ታኅሣሥ ላይ ሱቁን ዘጋሁት፣ ለሰው ጉልበቴ ነው አልኩ፣ ጉልበት ምን አባቱ፣ ቤት ብውል፣ ድምፄን ቀኑን ሙሉ ቢሰማ አንድ ቀን ይወጣል ብዬ ነው። ጭራሽ ባሰበት። ትሪውን በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ማታ እንደነበረ አነሣለሁ፣ ሩዙ ደርቆ። ባለፈው ሳምንት በበሩ ክፍተት ክንዱን አየሁት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክንድ ሆኗል። ዓይኔ እያየ ሊሞትብኝ ነው፣ እዚያ ደግሞ መቅደስ የለም፣ ከሞቱ መነሣት የለም፣ ሰኞ ወደዚህ የመጣሁት ለዚያ ነው፣ እዚህ እንኳ ቢያወራኝ ብዬ።

ፍጅል፣ ዛሬም ከርከሮው በላሽ? ብሎ ጻፈልኝ።

በላኝ ጋሼ።

ጋሼ። ማክሰኞ ነው የቀረብኩት፣ ጎንበስ የሚያሰኘውን ቁልፍ ፈልጌ እጅ ነሣሁት፣ ከሰላምታ በፊት ዕድሜሽ ስንት ነው አለኝ፣ ደግ ነው፣ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ተደርጎ ይወራል፣ እኔው አይደለሁ ያስተማርኩት፣ ሃያ ሦስት አልኩ። እንግዲያው ታላቅሽ ነኝ፣ ጋሼ በይኝ። በአንዲት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ያማጥኩትን ልጅ ጋሼ አልኩት። መልስ ሲሰጠኝ ቁልፎቹ ላይ አለቀስኩ፣ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት አቶ ፒዮ መጥቶ፣ እትዬ፣ ተበላሸብዎት እንዴ? አይ፣ ሠራልኝ፣ ሠራልኝ ልጄ።

ዛሬ ረግረጉ ጋ እንሄዳለን ይላል። ከኋላዬ ሁኚ፣ ጦርሽን ዝቅ፣ አሁን፣ አሁን አልኩሽ እኮ፣ አይ ፍጅል፣ በእግርሽ ነው እንዴ የምትጫወቺው? ይስቃል። በጽሑፍም ቢሆን ሳቅ ነው። ከውኃው የሚወጣው ነገር ፊት የለውም፣ ጠጉር ብቻ፣ የሰጠመች ሴት ጠጉር፣ ልጄ ቀድሞ ይገባል፣ ይመታታል፣ እንደገና ትወጣለች፣ እንደገና ይመታታል። ቀን ከሌት የሚውለው እዚህ ነው ማለት ነው። ይንደላቀቃል እል ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የሰው ልጅ ሲሠራ አንተ ትጫወታለህ። ይሄ ጨዋታ ነው? ሣር ንቀል፣ ቆዳ ግፈፍ፣ ተሸከም፣ ሽጥ፣ ነገም እንደዚያው፣ ከእኔ ሱቅ በምን ተሻለ። በምንም። እዚህ ግን ሲገባ ሰው ያመሰግነዋል።

እሳት ያነዳል፣ ድስት ይጥዳል፣ ዓሣውን ከነቅርፊቱ ይወረውረዋል፣ ማነው ያሳደገህ ልል ጣቴን አነሣሁና መለስኩት። ቀጥሎ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ነገር ጨመረ። ጠጪ፣ ጉልበት ይጨምራል።

የባሕር አረም ሾርባ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ልደቱና የመንግሥት ሥራ ፈተናው አንድ ቀን ዋሉ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው እሱ፣ በልደቱ የባሕር አረም ሾርባ ያልጠጣ እናት እንደሌለው ነው፣ በፈተና ቀን የጠጣውን ደግሞ ያ ሙልጭልጭ ነገር አንሸራትቶ ይጥለዋል፣ ይሄንን የማያውቅ ማን አለ፣ ጎህ ሳይቀድ ድስቱ ፊት ቆሜ ልተወው አልኩ፣ ደግሞ ሃያ አምስት ሞላው እኮ፣ አንድ ጭልፋ ምን ያደርገዋል አልኩ፣ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ሄደ፣ ወደቀ፣ በሩን ዘጋ። እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ለማንም አልነገርኩም።

ጋሼ፣ ይሄን በፈተና ቀን ጠጥተህ ታውቃለህ?

እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ።

እናቴ ሰጥታኝ ነበር። በሾርባው ነው የወደቀው ብላ ታምናለች፣ ማታ ለብቻዋ ስታወራ በግድግዳው እሰማታለሁ።

አይደለም?

መች ተፈተንኩና። እስከ በሩ ሄድኩ፣ ሰዉ ሲገባ አየሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ወደቡ ጋ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ለምን አትነግራትም?

አሁን ሾርባውን ነው የምትወቅሰው። ብነግራት እኔን ትወቅሳለች።

አንተ። አንተ የማትረባ። አራት ዓመት ደረቴን ስደቃ፣ አራት ዓመት ባሕር አረም የሚሸጡት ጋ እንዳላልፍ ገበያውን ስዞር፣ አንተ ግድግዳው ማዶ ሆነህ ታውቅ ነበር፣ ተናደድኩ፣ እውነት ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ልጅ፣ የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ብቻውን፣ ውኃ ሲያይ የዋለ፣ ማታ እንዴት ነበር ስለው ከበደኝ ያለኝ፣ ከበደኝ ነው ያለው፣ አልሰማሁም። ምን ልጻፍ። እንዲህ ቃል ሲጠፋ እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው።

እህል ቀመስክ?

ገና። ግን እበላለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እየበላሁ ነው።

ምን ተገኘ?

እናቴ ሱቋን ዘግታ ቤት መዋል ጀምራ ነበር። በሩ ሥር ቆማ ስትተነፍስ እሰማታለሁ፣ እህል አይወርድልኝም። ክፉ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ትወጣለች፣ የት እንደሆነ እንጃ። ወጥ ቤት ገብቼ መስኮቱን ከፍቼ እበላለሁ።

ለካ ማሰሮው የጎደለው እሱ በልቶ ነው። እኔ ነኝ የበላሁት ብዬ፣ እርጅና ነው ብዬ።

ሳትመለስ ልብላ፣ እዚሁ ጠብቂኝ ይላል፣ ከዚያ ደረቅ ወንዝ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ውስጡ ሰው የለም፣ ዝናቡ ይወርድበታል።

አሥር ደቂቃ። ብሮጥ ስምንት፣ በዚህ ጉልበት አሥር፣ ደረጃውን በቀስታ፣ ቁልፉን በቀስታ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ፣ አንገቱን፣ ሲያኝክ ጆሮው የሚንቀሳቀሰውን፣ አንዴ ብቻ፣ ምንም አልልም፣ በአባቱ አጥንት ምንም አልልም፣ ኮቴን ለብሻለሁ፣ ቆሜአለሁ፣ ሾርባውን እርሳው ልጄ፣ ፈተናውንም እርሳው፣ እላለሁ እንጂ፣ መቼ አፌ ዝም ብሎ ያውቃል፣ እናገራለሁ፣ ማንኪያው ይወድቃል፣ በሩ ይዘጋል።

እትዬ፣ ሰዓትዎ ሊያልቅ ነው፣ ልጨምር?

ጨምርልኝ።

ስንት?

እስከ ማታ።

አቶ ፒዮ ያየኛል፣ ይየኝ። ኮቴን አውልቄ እቀመጣለሁ። አሁን መስኮቱን ከፍቷል፣ አሁን ሩዙን አውጥቷል፣ ኪምቺው ከታች ነው፣ ከዓሣው ጀርባ፣ ያገኘዋል፣ ይብላ፣ ቀስ ብሎ ይብላ፣ ቤቴ አልገባም።