ሰባ ሁለት ሽቦ

«የቸርኬው ሽቦ አንተን ምን አደረገህ? የምወለውለው እኔ» አለች እናት።

«መወልወሉ አይደለም እማዬ። ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ ትምህርት ቤት የማደርስበት መኪና ነው የምፈልገው። በየስድስት ወሩ ሐኪም የሚጠራለት በሽተኛ ምን ያደርግልኛል? ድፍን የላሜራ ቸርኬ ይግባለትና እንገላገል።»

«አባትህ ይህን ቢሰማ…»

«አባዬ ቢኖር ቀድሞኝ ይቀይረው ነበር።»

«ከእኔ በላይ አወቅኸው?»

ሐኪም የተባለው ሰውዬ ባለሁለት ወንበሯ አሮጌ የስፖርት መኪና ሥር ተንበርክኮ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ ይለዋል። በአንዱ ቸርኬ ላይ ያሉትን ሰባ ሁለት ሽቦዎች በትንሽ ቁልፍ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል፤ ጥርት ብሎ የጮኸውን ያልፋል፣ ድምፁ የደነዘዘውን ያጠብቃል። የሴትዮዋ ባል ከሞተ ወዲህ ሰባት ዓመት እንዲህ ተመላልሷል። የአንድ ቀኑን ሥራ ሁለት ቀን ያደርገዋል። ክብደቱ እነዚያው ሽቦዎች ላይ ብቻ እንዳያርፍ መኪናዋን በየሳምንቱ ትንሽ ገፋ እንድታደርጋት ያስተማራት እሱ ነው። ሲመጣ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል።

«ዛሬም ሸሚዝዎን ለግራሶ ሊገብሩት ነው?» ትለዋለች። ይህችን ለመስማት ስድስት ወር ይጠብቃል። ላሜራ ግን የሚያዳምጠው ሰው አይፈልግም።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለ ልጁ። «ይህ ቸርኬ በየቀኑ መንገድ ይችላል?»

«ይንገሩት እንጂ» አለች እሷ፣ ዳኛው የራሷ ወገን እንደሆነ ሁሉ ፈገግ ብላ።

ጋሽ ጆሮ ቁልፉን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እስቲ ገብተው ፍሬኑን ይርገጡልኝ።»

ገብታ ረገጠች። እሱ በክሪክ የተነሣውን የኋላ ቸርኬ በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። ከመሀሉ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ።

«ሽቦው ደህና ነው» አለ። «ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጥርስ ግን ተበልቷል። አንድ ቀን ፍሬን ሲያዝ መሀሉ ይቆምና ቸርኬው ብቻውን ይዞራል። ሕፃን አይቀመጥበትም። ይቀየር።»

«መቼ ነው የተበላው?» አለች እሷ እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሣ።

«ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ሰምቼው ነበር። ቆማ የምትውል መኪና ናት ብዬ ድምፁን በግራሶ አፈንኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርዎማ…»

«በቃ፣ ተፈረደ» አለ ልጁ፤ ስልኩን አውጥቶ በመስኮቱ አስጠጋላት። «ይኸውልሽ፣ ብርማም አለ፣ ጥቁርም አለ።»

እሷ እግሯን ከፍሬኑ አነሣች። ከዚያ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ጥቁሩ ለቅሶ ቤት ያስመስላታል» አለች።

«ቆሻሻ ግን አይታይበትም።»

«እኔ እያለሁ ምን ቆሻሻ ያገኛታል? ያኛውን አሳየኝ።»

ጋሽ ጆሮ ክሪኩን ቀስ ብሎ አወረደ። እጁን ጠረገ፣ ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። እናትና ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅረው ስለ ቀለሙ ሲከራከሩ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ወጣ።