ጥቁሩ ሽቦ የት ይታሰራል

እኔ የምሠራው አምፕሊፋየር እንደሚያጉረመርም ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ያልሰማ የለም። ሥራዬን ግን አላሳንስም፤ ድምፁ ጉልበት አለው፣ ትራንዚስተሩም በትንሽ በትልቁ አይቃጠልም። ችግሩ ገና ሲበራ፣ ማንም ሳይናገርበት፣ እምምም ይላል። ዘፈን ሲገባበት ይደበቅና ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው «የነጅላ ንብ» እያለ ሲስቅብኝ ኖሬያለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። ጊንጆ ሰፈር ባለችው ሱቃቸው ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ተምሬያለሁ። የቱ ካፓሲተር ምን እንደሚያጣራ፣ ትራንዚስተር ለምን እንደሚግል ሰርኪዩቱን በእጃቸው እየሳሉ አሳይተውኛል። አባቴ ሴት ልጄ ሽቦ ስትቀጥል አላይም ብሎ ሲቆጣ፣ ቤት ድረስ መጥተው የለመኑልኝም እሳቸው ናቸው። የነገሩኝን ሁሉ አምን ነበር።

ስለ ማጉረምረሙ ሳማክራቸው ሰርኪዩቱን አገላብጠው አዩና ምንም ስህተት የለበትም አሉኝ።

«እጅሽ ነው ነጅላ። ሶልደር ስታደርጊ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የተፈጥሮ ነገር ነው፣ አትዘኚ።»

እኔ ሞኟ አመንኩ። እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አፈጥበት ነበር። ይረጋልኝ ብዬ ቡና ተውኩ፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው ምን ማለት እንደሆነ የጅማ ሰው ያውቀዋል። አንዱን የሶልደር መጋጠሚያ አሥር ጊዜ አቅልጬ አሥር ጊዜ መልሼ እሠራዋለሁ። አምፕሊፋየሩ አሁንም እምምም ይላል።

ባለፈው መስከረም ሊሙ ገነት የሰርግ ዕቃ የምታከራየው ዙቤይዳ መጣች። ከሦስት ዓመት በፊት የሸጥኩላት አምፕሊፋየር ጄኔሬተር መትቶት ተቃጥሎባት ይዛው ነው የመጣችው። አዲስም እየሠራሁላት ነበር፤ ግን ያ አዲሱ ካጉረመረመ ከአዲስ አበባ እንደምታስመጣ ቁርጡን ነገረችኝ። እሷ ከተወችኝ የሊሙ ሰው ሁሉ እንደሚተወኝ አውቃለሁ፤ ያኔ ሱቄን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ አይኖረኝም።

«ማል ጎና ነጅላ፣ ምን ላድርግ?» አለች። «ይሄኛውንም ቢሆን ጋሽ ተክለጻድቅ ባያስተካክሉልኝ ኖሮ ሙሽራ ፊት አዋርዶኝ ነበር እኮ።»

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። መቼ እንዳስተካከሉላት ጠየቅኳት። በገዛችው ወር ነው አለች፤ ከሊሙ ብቻ አራት አምስት ሰው የእኔን ሥራ ወስዶላቸዋል። ለሁሉም «ምን ታድርግ፣ እጇ ነው» እያሉ እንደሚያዝኑልኝም ነገረችኝ። ክፋት የላትም፤ የማውቅ መስሏት ነው።

እንደሄደች የተቃጠለውን አምፕሊፋየር ሳጥን ከፈትኩት። እኔ ከረንት የሚመለስበትን ጥቁሩን የግራውንድ ሽቦ ሁልጊዜ የማስረው ቅርብ በሆነው የሳጥኑ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ያስተማሩኝም እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ጥቁሮቹ ሽቦዎች በሙሉ ተቆርጠው ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አጠገብ አንዲት ብሎን ላይ ተሰብስበዋል። የታሰሩት ከቡና ጆንያ በተመዘዘ ክር ነው። በዚህ ከተማ ሽቦ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። እጄ የሠራውን ሶልደር አንዱንም አልነኩትም።

ነገሩ ቀላል ነበር። የመብራቱን ኃይለኛ ከረንት ከማይክሮፎን በሚመጣው ቀጭን ድምፅ መንገድ ላይ ስለቅበት ኖሬያለሁ፤ ሲኖትራክ በእግረኛ መንገድ እንደማሳለፍ ነው። ለዙቤይዳ የጀመርኩትን አዲሱን አወጣሁና ሰባቱን ጥቁር ሽቦዎች ፈትቼ አንድ ብሎን ላይ አሰርኩ። አበራሁት። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ዝም። የሞተ መስሎኝ ማይክሮፎኑን ይዤ «ቢስሚላህ» ስል ሰፈሩ በሙሉ ሰማኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያቃጠለኝ ነገር ኖሮ አያውቅም።

በባጃጅ ጊንጆ ወረድኩ። ጋሽ ተክለጻድቅ ሬዲዮ ከፍተው እየሠሩ ነበር። የዙቤይዳን አምፕሊፋየር ሳጥኑ እንደተከፈተ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ክሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። አልካዱም።

«የማውቀውን ሁሉ ብሰጥሽ እኔ ጋ ማን ይመጣ ነበር?» አሉ።

«ገበያውን ይውሰዱት፣ ይሁን። እጄን ለምን አስጠሉኝ?»

አንገታቸውን ደፉ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ድሮ ሲያስተምሩኝ እንደነበረው በርቷል።

«ሞክረሽዋል? ዝም አለ?» አሉኝ። «ቮልዩሙን ጨርሰሽ ከፍተሽው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያ ማጉረምረም የጠፋ ቀን እየሮጥኩ ሄጄ ለእሳቸው እነግራለሁ ስል ኖሬ ነበር። በጅማ ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ሌላ ሰው የለኝም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አልነገርኳቸውም። የሳጥኑን ክዳን ገጥሜ ይዤው ወጣሁ።