የጨዋ ልጅ ጎመን አትበላም

ወይዘሮ እህተማርያም ሰው የሚንቁት በዘሩና በልብሱ ብቻ አልነበረም፤ በድስቱም ነበር። ከአጥር ማዶ የምትኖረውን ታቢታን ገና ምሥራቅ ሰፈር የገቡ ዕለት በወጧ ሽታ ፈርደውባታል። የታቢታ ባል አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሣ ያጠምዳል፤ እሷ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን ትተክላለች። «ጎመን ይበላና ደግሞ ይዘፈናል!» ይላሉ ወይዘሮ እህተማርያም፣ ታቢታ መዝሙር ስታንጎራጉር በሰሙ ቁጥር።

አዋጁ መሬታቸውን ከወሰደባቸው አምስት ዓመት ሆኗል። ጭሰኞች ያመጡት የነበረው ቅቤና ወተት ቀረ፤ ኩራቱ ግን አልቀረም። ኩራትም ቀለብ ይፈልጋልና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው በሚያመጡት መኮሮኒና የስንዴ ዱቄት ይቀልቡት ነበር። ሟች ልጃቸው የተወችላቸውን የስድስት ዓመቷን ፅጌንም የሚያሳድጓት በዚሁ ነው። ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ መኮሮኒ፣ ማታ እንደገና ዳቦ በሻይ። የጎረቤት ቁራሽ ከቀመሰች ቁንጥጫ አለባት።

ክረምቱ ሲገባ ፅጌ መደናበር ጀመረች። ቀን ቀን ለአያቷ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን በሩን በዳበሳ ትፈልጋለች፣ በርጩማው ያደናቅፋታል።

«እትዬ፣ ልጅቷን ዳፍንት ይዟታል» አለች ታቢታ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ። «መድኃኒቱ ጉበትና ጎመን ነው። ልቁረጥልዎ?»

«ለበሬሽ ቁረጪለት!»

«በሬማ ቢኖረኝ ጉበቱ የፅጌ ነበር፣ እትዬ።»

ወይዘሮ እህተማርያም ልጅቷን ይዘው መናኸሪያ አካባቢ በቤቱ መርፌ ወደሚወጋው ወደ አሰፋ ሄዱ። አሰፋ ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ቁስል አሻጊ ድሬሰር ነው፤ ለራስ ምታትም ለወገብም የሚሰጠው ያንኑ ቀዩን መርፌ ነው። ቀይ ስለሆነ ደም ይመስላል፤ ደም ስለሚመስል ሰው ያምነዋል። ፅጌ አምስት ጊዜ ተወጋች። ከዚያ በኋላ ሲመሽ የምትደናበረው እያነከሰች ሆነ።

አንድ ጠዋት በዓይኗ ነጭ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ታየ። ወይዘሮ እህተማርያም ደነገጡና ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት። ጋውን ለብሶ የተቀመጠው ጉልላት ነበር፤ የድሮ ጭሰኛቸው ልጅ። ሊመለሱ አሰቡ፤ ፅጌ ግን ገብታ ተቀምጣለች።

ጉልላት የልጅቷን ዓይን ገልጦ አየ። «ምን ትበላለች?»

«እንደናንተ ቤት መሰለህ? ነጭ ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ ሻይ በስኳር!»

«ወተትስ?»

«ወተቱን የወሰዳችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

ጉልላት ፈገግ አለ። «እትዬ፣ የጎደላት ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ ጉበት፣ ጎመን፣ ካሮት ውስጥ ይገኛል። ዳቦና መኮሮኒ ውስጥ የለም። ሲጎድል መጀመሪያ ማታ ማየት ይጠፋል፤ ቀጥሎ ዓይን ይደርቃል፤ ከዚያ ብሌኑ ይቆስላል። ብሌኑ ከቆሰለ እኔም አልመልሰው፣ አዲስ አበባም አይመልሰው።»

«እንግዲያው አንተም እንደ አሰፋ ያንን ቀዩን መርፌ ውጋት!»

«የእስካሁኑ መርፌ ለሌላ ሕመም ነው። የዚህ እንክብል አልቆብናል፤ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ዓይኗ ወር አይጠብቅም። ዛሬውኑ ጎመን ያብሏት።»

«አባትህ ደጄ ላይ ቆሞ ይውል እንደነበር ረሳኸው? ዛሬ ተነሥተህ ለኔ ጎመን ታዝልኛለህ?»

«አልረሳሁም። ደጅዎ የሚቆመው ቅቤ ሊያስረክብ ነበር። የቤትዎን ዓይን ያበራው ያ ቅቤ ነው። ለእኛ የሚተርፈን ጎመን ነበር» አለና በጣቱ ወደ ራሱ ዓይን አመለከተ። «ይኸው፣ አያለሁ።»

ወይዘሮ እህተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ጭሰኛን ያስተማረውን ሁሉ ሲረግሙ ቤት ደረሱ።

ሲመሽ ኩራዙን አብርተው ከፅጌ ፊት ቆሙ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ አገጫቸውን ነካች። «እማዬ፣ የት ነሽ?»

ወይዘሮ እህተማርያም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በጓሮ በኩል ወደ አጥሩ ሄዱ።

«ታቢታ! ለዶሮዎቼ ትንሽ ጎመን ቁረጪልኝ።»

ዶሮ እንደሌላቸው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ታቢታ ግን ሳቋን ውጣ ጭብጥ ሙሉ ቆረጠችላቸው። «በዘይት አቁላልተው ይስጧቸው፣ እትዬ። ዘይት ካልነካው ለዶሮ ዓይን ብዙም አይጠቅምም። ከልኳንዳ ጉበት ካገኘሁም ለዶሮዎቹ እልክላቸዋለሁ።»

ወይዘሮ እህተማርያም መስኮቱን ዘግተው፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈው አቁላሉ። ሽታው ግን የማንንም ዘር አይጠይቅምና አጥሩን ዘሎ ወጣ። ፅጌ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

ሳምንቱ አልፎ በሁለተኛው፣ ጀምበር እንደጠለቀች፣ ፅጌ ከደጅ ጮኸች። «እማዬ፣ የታቢታ ጥቁሯ ዶሮ አጥሩ ላይ ወጥታለች!»

ወይዘሮ እህተማርያም ወጥተው አዩ። ዶሮዋ እውነትም እዚያ ነበረች፤ ለራሳቸው ዓይን እንኳ ከጨለማው መለየት አስቸግራቸዋለች።

«እትዬ፣ ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» አለች ታቢታ ከማዶ።

«ደህና ናቸው» አሉ ድምፃቸውን አጥርተው። «ልጅቷም ድናለች። ያ ቀዩ መርፌ ነው፤ ዘግይቶ ሠራ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲያው ጎመኑ ይቅር?»

ወይዘሮ እህተማርያም አጥሩ ላይ ያለችውን ዶሮ፣ ከዚያም ፅጌን አዩ።

«ዶሮዎቹ ምን በደሉ?» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ነገም ቁረጪላቸው።»