ከውስጥ የማይከፈት በር

«ይቺን የውስጥ እጀታ አንሺልኝ» አለ ዘበነ፣ በሩን በጣቱ ጫፍ እየነካ። «መቀርቀሪያው ውጭ ይሁን፤ በሩ ሲዘጋ ራሱ ይያዝ።»

የሺዓለም ሞረዷን እንደያዘች ቀና አለች። የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። አይቀልድም። ክራቫቱን አሳምሮ አስሮ፣ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይተከልልኝ የሚል እንጂ ሰው ላይ በር ይዘጋልኝ የሚል አይመስልም።

«ከውስጥ ያለው ሰውስ በምን ይከፍተዋል?»

«አይከፍተውም። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እከፍትለታለሁ።»

በሩ የአውቶቡስ በር ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ ኖሮ፣ ሞተሩ ሲሞት በጨረታ የተሸጠ አሮጌ ነው። ዘበነ ፒያሳ የነበረው የልብስ ስፌት ቤቱ ሲፈርስበት ገዛውና ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው የአባቱ ግቢ አስጎትቶ አቆመው። ወንበሮቹን አስነቅሎ ዐሥራ አንድ የስፌት መኪና ደረደረበት። ያኔ የሺዓለምም «ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ሲፈርስበት የማይፈርስ» ብላ አድንቃው ነበር። የኋላው በር በላሜራ ተደፍኖ የጨርቅ መደርደሪያ ሆነ። መስኮቶቹ ለሌባ መከላከያ ፍርግርግ ተበየደባቸው። ታጣፊው የፊት በር ወጥቶ በቦታው እንደ ቤት በር ያለ የብረት በር ተገጠመ። ይህን ሁሉ የሠራው ማን ሆነና! ራሷ የሺዓለም ናት። አንዱን ሠርታ፣ ሰንብታ ሌላውን ስትሠራ ምንም ክፋት አልታያትም። ዛሬ እጀታውን አንሺ ስትባል ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቷ ድቅን አለ። ውስጥ ለሚሰፉት ዐሥራ አንድ ሴቶች የቀረቻቸው መውጫ ይቺ አንዲት በር ነበረች፤ የሌሎቹን መውጫ የደፈነችው ደግሞ የራሷ እጅ ነው።

ዘበነ ምክንያቱን ሲነግራት ቅንጣት አላፈረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤተል የምትባለዋን ሰፊ የልጇ ትምህርት ቤት ከአምስት ኪሎ ደውሎ፣ ልጅሽ ከደረጃ ወድቆ ጥርሱ ተሰብሯል ይላታል። እሷም የጀመረችውን ሸሚዝ ጥላ በረረች፤ በሰዓት ተኩል ውስጥ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሴቶቹን ስልክ በካርቶን እየሰበሰበ ቢሮው ይቆልፍበታል። ያም አልበቃው። አንድ ሆቴል ያዘዘው የደንብ ልብስ ለፋሲካ መድረስ አለበት፣ አንዷ ለሽንት ስትወጣ ሦስት ተከትለው ይወጣሉ፣ ባለፈው ደግሞ አንድ ከረጢት የልብስ ቁልፍ ጠፍቷል። «አውቶቡስ ቢሆንም ፌርማታ የለውም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

የሺዓለም አልሳቀችም። ካውያው ቀኑን ሙሉ እንደተሰካ እንደሚውል፣ ዐሥራ አንዱም መኪና መብራት የሚያገኘው ወለሉ ላይ ከተዘረጋ አንድ ገመድ እንደሆነ፣ ገመዱም ሁለት ቦታ በፕላስተር እንደተጠቀለለ ነገረችው። እሳት ቢነሳስ፣ አለችው።

«ዘበኛ አለ» አላት።

ዘበኛ! ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከግቢው የሚጠፋ፣ ሲመለስም ወንበሩ ላይ የሚያንጎላጅ ዘበኛ። ይህንኑ ልትለው አፏን ስትከፍት ዘበነ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ አጥሩ ጥግ ላከው። እዚያ ጥግ ላይ ከሁለት ቆርቆሮ የተሠራ ጥላ አለ፤ ከጥላው ሥር የእሷ ጠረጴዛ፣ ብረት የምታስርበት ሞርሳዋና የብየዳ ማሽኗ አሉ።

«አላስገድድሽም፣ የሺ። ካልተመቸሽ ሌላ ሰው እጠራለሁ። እሱም መቼም መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ለምሳ ይድረስልኝ ብሎ ሄደ።

ደሟ ፈላ። ይህን ጥግ የሰጣትን ውለታ እንዲህ አድርጎ አስታወሳት! ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረው የቁልፍ ቤቷ ከሰፈሩ ጋር ሲፈርስ፣ ለእሷ የደረሳት መኖሪያ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ የከተማ ዳር ነው። እዚያ በሩም ቁልፉም ከፋብሪካ አብሮ ይመጣል፤ የሺዓለም ማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እዚህ ግን የወርቅ ቤቱም የመድኃኒት ቤቱም ሰው ቁልፉ ሲሰበርበት «የገብረክርስቶስን ሚስት ጥሩልኝ» ይላል። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሷም ስሙን ከነሞርሳው ይዛ ሠላሳ ዓመት የለመደችው ሰፈር ውስጥ ቀርታለች። ይህን ጥግ ካጣች ሞርሳውን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ ፒያሳ ውስጥ የላትም። ይህንን እሱም ያውቃል። አውቆ ነው እንጂ!

መፍቻዋን አንሥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። እንቢ ለማለት እየሄደች ይሁን ለመሥራት እሷም አላወቀችም።

ውስጡ በጨርቅ ብናኝና በካውያ እንፋሎት ታፍኗል። መኪኖቹ ባንድ ላይ ሲጮኹ ወለሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ቤተል ፊቷን አጎንብሳ እጅጌ ትቀጥላለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብላ ሰው አታይም። የሺዓለም በሩ ሥር ተንበርክካ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች። ሁለተኛውን ፈታች። አጠገቧ የምትሰፋው በለጠች እግሯን ከመርገጫው አነሣች። በለጠች ከሁሉም ታላቅ ናት፤ ለስንቶቹ መቀስ አያያዝ ያስተማረች፣ ቃል ከአፏ በስንት መከራ የሚወጣት ሴት።

«ምን ሆኖ ነው፣ እትዬ?»

«መቀርቀሪያው ላልቶ» አለች የሺዓለም። ውሸቱ ከአፏ እንደወጣ ጉንጯን አቃጠላት። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ሰው ፊት ተንበርክካ ስትዋሽ!

በለጠች አራቱ ብሎኖች ተፈትተው እጀታው የሺዓለም እጅ ላይ እስኪወድቅ ድረስ አየቻት። «ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አለቻት። የሺዓለም ስታቀረቅር፣ በለጠች ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

እጀታውን ከነብሎኖቹ ሽርጧ ኪስ ከታ ወጣችና ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ገብረክርስቶስን ጠሩት። የጥጥ መጋዘን ተቃጥሏል፤ ባለቤቱ ጥጥ እንዳይሰርቀው ብሎ ሠራተኛውን ከውጭ ቆልፎበት ቅዳሴ ሄዷል። እሷም መጋዙን ይዛ ተከተለችው። ቁልፉን ቆርጠው በሩን ሲከፍቱ ሰውየው በሩ ሥር ነበር፤ አልደረሱለትም። የበሩ የውስጥ ቀለም እስከ ጉልበት ድረስ በጥፍር ተፍቋል። ገብረክርስቶስ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲያ የሚሠራውን በር ሁሉ ደንበኛው ከውጭም ከውስጥም ከፍቶ ዘግቶ ካላየው አያስረክብም ነበር፤ ከውስጥ የማይከፈት በር አምጣ ያለውንም ሰው፣ ሀብታም አይል ደኻ አይል፣ ከነገንዘቡ ያባርር ነበር።

ታዲያ እኔስ ማን ነኝ፣ አለች በልቧ። ስሙን በልቼ ሥራውን የጣልኩ!

ግን ሠራችው። እንዲያውም በደንብ ሠራችው። እጇ ክፉ ሥራ መሥራት አይችልበትም። የመቀርቀሪያውን ምላስ ሞረደች፣ ሞላውን ቆርጣ አስገባች፣ በሩ ላይ ገጥማ የውስጡን ቀዳዳ በላሜራ ደፍና በየደችው። እያንዳንዱን ብልጭታ እያየች ዘበነንም ራሷንም ትረግማለች። እኔ እንቢ ብል ነገ አንዱ መጥቶ ይገጥመዋል፣ እነሱም ያው ይዘጋባቸዋል፣ እኔም ቦታዬን አጣለሁ እያለች ልቧን ልታባብለው ሞከረች። ልቧ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መኪኖቹ ጸጥ አሉና ሴቶቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከአጥሩ ጥላ ሥር ካለው ረጅም አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። የምሳ ሰዓታቸው ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ዘበነ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሁለት ደቂቃ የዘገየች ስሟ ይጻፋል። መጨረሻ የወጣችው የሺዓለም ነበረች። ስትወጣ ካውያውን ነቀለች።

ዘበነ ገና ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሳይሆን መጣ። እሱ ሳይፈትን የሚረከበው ነገር የለም፤ የሸሚዙን ኮሌታ ጎትቶ፣ ቁልፉን ጠምዝዞ ካላየ አይሆንለትም። በሩን ዘጋ። ቀጭ አለ። መቀርቀሪያውን ስቦ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። ቀጭ። ፊቱ በራ።

«ይሄ ነው ሥራ! ገብረክርስቶስ ቆሞ ቢያይሽ እንዴት በኮራብሽ።»

የሺዓለም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የነበራት ንዴት ሌላ ነበር፤ አሁን የመጣው ሌላ ነው። የሞተ ሰው ስም አንሥቶ፣ በማያውቀው ጉድ ላይ፣ እንዲህ ይመርቃታል! ዘበነ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጣ። ከውስጥ ሲገፉት ይነቃነቅ እንደሆነ ልይ አለና በሩን ስቦ በላዩ ላይ ዘጋው።

ቀጭ።

ሳይዘጋው «ይተዉ» ልትለው ትችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉም ምላሷ ላይ ነበር፤ አላወጣችውም።

በሩ አንዴ ተገፋ። ደግሞ ተገፋ፣ አሁን በትከሻ። «ጎበዝ፣ ይዟል» አለ ዘበነ ከውስጥ። «በይ ክፈችው።»

የሺዓለም ቆማ ቀረች። አግዳሚው ላይ ዐሥራ አንዱም ፊት ወደ በሩ ዞረ። ዘበነ ወደ መስኮቱ መጣ፤ ግማሹን መስታወት ገፍቶ፣ እሷ በበየደችው ፍርግርግ በኩል አያት። ክራቫቱን ላላ አድርጓል።

«የሺ፣ ስሚኝ እንጂ! ክፈችው እኮ ነው የምልሽ።»

«ከውስጥ እንዴት ነው፣ ጋሽ ዘበነ?»

«ምን እንዴት ነው አለው? ይሞቃል!» ከዚያ ዓይኖቹ ከእሷ ወደ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ወደ ግቢው በር ሄዱ። ዘበኛውን ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። የዘበኛው ወንበር ባዶውን ፀሐይ ይሞቃል።

የሺዓለም እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ከታ እጀታውን አወጣችና መስኮቱ ድረስ ሄዳ አሳየችው።

«እጀታው እኔ ጋ ነው፤ ብሎኖቹም አሉ። ልግጠመው ካሉኝ አሁኑኑ እገጥመዋለሁ። አይ ካሉ ደግሞ ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣለሁ፤ መቀርቀሪያውን ግን ነቅዬው ነው የምሄደው። ገብረክርስቶስ ይኮራል ያሉት እንዲህ ሲሆን ነው።»

ዘበነ ከመስኮቱ ዞር አለ። ትንሽ ቆይቶ የሺዓለም ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ የእሱ ስም ነው። ከዐሥራ አንዱ ሴቶች አንዷም ብትሆን ውስጥ ሆና እንዲህ የምትደውልበት ስልክ እንደሌላት ያን ጊዜ ትዝ አላት። ስልኩን ሳታነሣው ያዘችው።

በለጠች ከአግዳሚው ተነሣች። ቀስ ብላ መጣችና በሩ ፊት ቆመች። አዲሱን መቀርቀሪያ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የተደፈነውን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የሺዓለም ትከፍተዋለች ብላ ጠበቀች፤ ብትከፍተውም አትቀየማትም ነበር፣ የልጆች እናት ናት። በለጠች ግን እጇን መለሰችና ወደሚጮኸው ስልክ ጎንበስ ብላ ሰዓቱን አነበበች።

«ገና ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አለን» አለች፣ ውስጥ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ሌሎቹ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ሁለተኛዋም ከፈተች። ቤተል ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች። የውኃ ጀሪካኑን አንሥታ ቆመችና፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ፣ የሺዓለምን እጅሽን ታጠቢ አለቻት።

ስልኩ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና መጮህ ጀመረ። የሺዓለም እጀታውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ጥቁሩ የብረት ብናኝ ከውኃው ጋር ወረደ።